ግብዣው የሪትሱኮ ነው

«ይሄኛው! ይሄኛው ይሁንልኝ» አሉ አሮጊቷ ፉሚ፣ ለስላሳውን ትራስ ደረታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው አቅፈው።

ቶሺኤ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ሆቴሉ እንግዶች እንደየምርጫቸው እንዲወስዱ ልዩ ልዩ ትራሶችን መግቢያው አጠገብ ደርድሯል። እናቷ ግን እቤት በእህል ገለባ ከተሞላው፣ እንደ ድንጋይ ከሚቆረቁረው ትራሳቸው በቀር ሌላ አላስጠጋም ብለው ስንት ዓመት አስቸግረዋታል። ቶሺኤ የገዛችላቸው ለስላሳ ትራስ ሁሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ታጭቆ ቀርቷል።

«እማዬ፣ ለስላሳ ትራስ አንገቴን ያመኛል ስትይኝ አልነበር?»

«እሱ የቤቱ ነዋ» አሉ ፉሚ። «ይሄ የሪትሱኮ ግብዣ ነው።»

ሪትሱኮ ሳቀች፤ ቶሺኤም ለይምሰል ጥርሷን አሳየች።

ሪትሱኮ የቶሺኤ ታናሽ እህት ናት። ቶኪዮ ውስጥ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የክፍል ኃላፊ ናት፤ ባልም ልጅም የላትም፣ ለአዲስ ዓመት ብቅ ብላ ሳትሞቅ ትመለሳለች። ዘንድሮ እናታቸው ሰማንያ ስምንት ዓመት ስለሞላቸው፣ ካናዛዋ ከተማ መሀል ደህና ሆቴል ይዛ እናትና እህቷን ጠራች። እነሱም ከትንሿ የወደብ ከተማ ከሂሚ በባቡር መጡ። ቶሺኤ ሂሚ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ዓሣ ማድረቂያ ቤት ትሠራለች። ከሰዓት በኋላዋ የእናቷ ነው። አባቷ ከሞቱ ጀምሮ እናቷን የምታጥበው፣ የምታበላው፣ ሐኪም ቤት የምታመላልሰው እሷ ናት። ለዚህ ሁሉ አንድ ቀን «አመሰግናለሁ» ተብላ አታውቅም፤ ሩዙ ጠጠረ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ ነው የምትባለው።

ዛሬ ግን የእናቷ አፍ ምስጋና ብቻ ሆኗል። አሳንሰሩ ውስጥ «አመሰግናለሁ ሪትሱኮ»፣ ኮሪደሩ ላይ «አመሰግናለሁ ሪትሱኮ»። ጫማቸውን ከታች በር ላይ አውልቀው ስለነበር ዘጠነኛ ፎቅ ድረስ በካልሲ ሄዱ፤ ፉሚ ለዚያም አመሰገኑ። ክፍሉ ወለሉ በታታሚ ምንጣፍ የተነጠፈ፣ አልጋዎቹ ዝቅ ያሉ፣ መስኮቱ በነጭ ወረቀት የተሸፈነ ነው። የመኪናው ጩኸት ከወረቀቱ ወዲያ በስሱ ይሰማል።

ሻይ ሳይጨርሱ አንዲት የሆቴሉ ሠራተኛ በሩ ላይ ተንበርክካ ገባች። በአገሩ ልማድ ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው የሚለብሰውን ቢጫ ሰደርያና ቆብ ይዛለች።

«እንኳን ለዚህ አበቃዎት እማማ» አለች አልብሳቸው። «ሦስታችሁንም ፎቶ ላንሳችሁ?»

«ግድ የለም፣ አንቺ ሥራ አለብሽ፤ እትዬ ታነሳናለች» አለች ሪትሱኮ፣ ስልኳን ለቶሺኤ እያቀበለች። ክፋት አስባ አይደለም። ክፋት አስባ ቢሆን ለቶሺኤ ይቀላት ነበር።

ቶሺኤ ስልኩን ደቅና ቆመች። እናትና ልጅ ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀው ይስቃሉ። ለአፍታ የእህቷን ጭንቅላት ከፎቶው ውጪ ልታስቀረው ቃጣት። ከዚያ አፈረችና በደንብ አነሳቻቸው።

«ቶሺስ?» የሚል ግን አልነበረም።

እራት ሸርጣን ነበር። ቶሺኤ እቤት ከወደቡ ትኩሱን ስታመጣላቸው «ጥርሴን ልትጨርሽው ነው እንዴ?» የሚሏት እናቷ፣ ሪትሱኮ እየፈለቀቀች የሰጠቻቸውን ሁሉ እያጣጣሙ ዋጡ። ሪትሱኮ ደግሞ ሸርጣን መፈልቀቅ አታውቅም፤ ሥጋውን ከቅርፊቱ ጋር ነው የምታቀርበው። ፉሚ ቅርፊቱን በመሀረባቸው ሸሽገው ተፉና «እንዴት ይጣፍጣል!» አሉ። ቶሺኤ ይህን አየች፣ ግን ብስጭቷ እንድታስብበት ጊዜ አልሰጣትም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ» አለች ሪትሱኮ እጇን እየጠረገች። «የበረዶው ወራት እስኪያልፍ እማዬ እኔ ጋ ትሁን። ቤቴ ይሞቃል፣ አሳንሰር አለው። ሥራ ስሄድ አብራት የምትውል ሰው እቀጥራለሁ። አንቺም እረፊ፤ ፊትሽ ላይ ድካም ይታያል።»

ቶሺኤ ይህን ስንት ዓመት ተመኝታለች! «ያቺ ቶኪዮ ያለችው በፖስታ ብስኩት ከመላክ አንድ ወር ብትወስዳት ምን አለበት?» ብላ ያላማረረችለት ጎረቤት የለም። አሁን ሲመጣላት ግን ዞራ እናቷን አየች።

«እማዬስ ምን ትላለች?» አለች፣ ድምፅዋ እንዳይሻክር እየተጠነቀቀች።

«እኔማ ካላስቸገርኳት ደስ ይለኛል! እንዴት ያለ ዕድል ነው!» አሉ ፉሚ። ለማመንታት ያህል እንኳ ሻይ ፉት አላሉም።

«መድኃኒትሽስ? የጉልበትሽ ሐኪምስ? ሌሊት ስትነሺ መብራቱ የት እንዳለ እንኳ አታውቂም!»

«እሱን ቶሺ እንዳለችው ነው» አሉ እናቷ ወደ ሪትሱኮ ዞረው። «እቤት ሁሉንም የምትወስነው እሷ ናት።»

«እስከ ነገ አስቢበት እትዬ» አለች ሪትሱኮ በለዘብታ።

ይቺ ለዘብታ ቶሺኤን ጨጓራዋን ላጠቻት። ምን ሆነሽ ነው ብትባል «ደክሞኝ ነው» ትል ነበር። ድካም አልነበረም፤ ቅናት ነው። በስድሳ አንድ ዓመቷ፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ እናቷን የተቀማች ሕፃን ሆናለች።

ከእራት በኋላ ሪትሱኮ ከመሥሪያ ቤቷ ስልክ ተደውሎላት ክፍል ቀረች። ቶሺኤ እናቷን ደግፋ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ወዳለው የሴቶች መታጠቢያ ወጣች። ቦታው ባዶ ነበር። ትልቁ የሙቅ ውኃ ገንዳ ዳር በትንንሽ በርጩማዎች ተቀመጡ፤ ቶሺኤ እንደ ወትሮው ፎጣውን ሳሙና ቀብታ የእናቷን ጀርባ ማሸት ጀመረች።

ፉሚ እግራቸውን ዘረጉ። ከዚያም ግድግዳው እስኪያስተጋባ አገሱ።

«እፎይ!» አሉ። «ዝቅ በይ። እዚያ ጋ አይደለም፣ ወደ ግራ! እጅሽ እኮ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል።»

«ለስላሳ እጅ ቶኪዮ አለልሽ!» አለች ቶሺኤ። ከቀትር ጀምሮ ስታምቀው የዋለችው ገንፍሎ ወጣ። «የቢሮ እጅ ነው፣ ዓሣ ነክቶ አያውቅም። ሄደሽ ትታሺያለሽ!»

ፉሚ ማንም እንደሌለ ዙሪያቸውን ቃኙ።

«አልሄድም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምን አልሽ?»

«ቶኪዮ አልሄድም። ምን ላደርግ? እሷ ፊት ስበላ እንዳያንጠባጥብብኝ ስሳቀቅ ነው የዋልኩት። ሽንቴ መጥቶ ሸርጣኑ እስኪያልቅ ታግሼ ነበር። ያን ሁሉ የበላሁትም እንዳይከፋት ብዬ ነው፤ ሆዴ ሊፈነዳ ነው።»

«ልጅሽ አይደለችም እንዴ?»

«ልጄማ ናት። እሷ ጋ ስሆን ግን ሰው ቤት ነኝ» አሉ ፉሚ። «ሰው ቤት ደግሞ አንድ ቀን ደስ ይላል። በረዶው እስኪያልፍ ግን እንዴት ብዬ?»

ቶሺኤ ፎጣውን እንደያዘች ቀረች። «ታዲያ ለምን አትነግሪያትም?»

«ይህን ሁሉ ደግሳልኝ? በምን አፌ! አንቺ ንገሪልኝ። አልፈቅድም በያት።»

«ክፉዋ እኔ ልሁን?»

«አንቺማ ድሮም ኮስታራ ነሽ፤ ካንቺ ስትሰማው አይደንቃትም» አሉና ጀርባቸውን መልሰው ሰጧት። «ቶሎ በይ፣ በረደኝ።»

ቶሺኤ እናቷን አለቃለቀች። ደስ አላት፣ የማያምር ደስታ ነበር። ነገ የምትለውን ሙቁ ውኃ ውስጥ ተዘፍቃ አዘጋጀችው፤ «እማዬ አንቺ ጋ መሄድ አትፈልግም። ሪትሱኮ ጋ ሰው ቤት ነኝ ብላኛለች።» ይቺን ዓረፍተ ነገር አልጋዋ ውስጥም ይዛት ገባች። ከራት ሸርጣን በላይ ጣፈጠቻት።

ጠዋት ቁርስ ላይ ከምግብ ቤቱ የማዕዘን ጠረጴዛ ተቀመጡ። የተጠበሰ ዓሣ፣ ሩዝ፣ የሚሶ ሾርባ ቀረበ። ፉሚ ሳህናቸው ላይ አቀርቅረው ቀና ማለት አቆሙ።

ሪትሱኮ አስቀድማ ስልኳን አውጥታ ለቶሺኤ አሳየቻት። አንድ ባዶ ክፍል ነው።

«የሥራ ጠረጴዛዬን ሳሎን አወጣሁት» አለች ጠጋ ብላ በዝቅታ። «እንቢ ብትሉኝ እንኳ ብዬ ባለፈው ወር አስለቀቅኩት። መጋረጃው ቀርቷል። እትዬ፣ እማዬ የምትወደው ምን ዓይነት ቀለም ነው? ልጠይቃት ፈልጌ፣ ልጇ ሆኜ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ።»

ያቺ ዓረፍተ ነገር የቶሺኤ ምላስ ጫፍ ላይ ነበረች። አንዴ ብትለቃት ያበቃ ነበር። እህቷን አየቻት። የክፍል ኃላፊዋ ስለ መጋረጃ መልስ ስትጠብቅ የሠራችውን ሥዕል እንዳሳየች ተማሪ ቀና ብላ ተቀምጣለች።

«አልፈቅድም» አለች ቶሺኤ።

የፉሚ የምግብ ማንሻ እንጨቶች ሩዙ ላይ ቆሙ።

«ለምን እትዬ? መድኃኒቱን እኮ አንድ በአንድ...»

«መድኃኒቱ አይደለም። ቀናሁብሽ።»

«ምን?»

«ቀናሁብሽ አልኩሽ! ከትናንት ጀምሮ እየተቃጠልኩ ነው። ትራሱን አንቺ ሰጠሻት፣ ፎቶውን አንቺ ተነሳሽ፣ ምስጋናውን አንቺ ወሰድሽ። ጨርሰሽ ከወሰድሻትማ አብዳለሁ። በቃ፣ አልሰጥሽም።»

ሪትሱኮ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«እኔ ላይ?» አለች። «እትዬ፣ አንቺ... እኔ ላይ?»

«አንቺ ላይ።»

ሪትሱኮ ስልኩን አጠፋችው። ከፋት፣ ግን ከንፈሯ ዳር ላይ ኩራት የሚመስል ነገርም ነበር፤ ልትደብቀው ሻይዋን አነሳች።

«እንዴት ያለ ነገር ነው!» አሉ ፉሚ፣ የሪትሱኮን እጅ እየዳበሱ። «አየሽ አይደል ጠባይዋን? እኔማ ልመጣልሽ ነበር ልጄ።»

ቶሺኤ እናቷን ትክ ብላ አየቻቸው። እናቷ ዓይናቸውን ሰበሩ። ከዚያ ቶሺኤ የሾርባ ሳህኗን በሁለት እጇ አነሳችና፣ ስታጣጥማት ያደረችውን ዓረፍተ ነገር ከሾርባው ጋር ዋጠቻት።