የስታንዊኮች አጥንት ቆጣሪ

ኤልድሪጅ ስታንዊክ ስለ ዘሩ ማውራት ሲጀምር በዚያ የማሳቹሴትስ ገጠር ላም ወተቷን ትከለክላለች፣ ዶሮ እንቁላል መጣል ታቆማለች። ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው አፍ አስከፍቶ፣ መልስ መስጠት የማይችለውን ሕዝብ ስለ ዘሩ መነሻ ስለ ጆሳያ ሲግተው የኖረ። «ስታንዊክ በእንግሊዝ አገር የግንብ ስም ነው፤ ጆሳያ የባላባት ልጅ ነው» ይላል። ግንቡን ያየ የለም። አንበሳ ያለበትን የቤተሰቡን ዓርማ ግን በፖስታ አስመጥቶ፣ አንበሳውን በካናቴራ፣ በስኒ፣ በውሻው ማሰሪያ ላይ ሳይቀር አሳትሞታል።

የአጎቱ ልጅ ቪዮላ ዘንድሮ ወደ በጋው የቤተሰብ ስብሰባ የመጣችው ለድንች ሰላጣውም ለአንበሳውም አልነበረም። የተቃጠለውን የወንድሟን የሩፎስን አስከሬን አመድ በእንጨት ሳጥን አቅፋ ነው። ሩፎስ «እናቴ አጠገብ ቅበሩኝ» ብሎ ነው የሞተው፤ በቤተሰቡ መካነ መቃብር ላይ የሚያዘው ደግሞ ኤልድሪጅ ነው።

«አዝናለሁ ቪዮላ» አላት ቋሊማውን እያላመጠ። «ሩፎስ ጥሩ ሰው ነበር። ግን የማደጎ ልጅ ነው። እዚህ የሚተኛው የጆሳያ ደም ብቻ ነው።»

«ስድሳ ዓመት ስታንዊክ ተብሎ ኖሯል እኮ! መኪናህ በረዶ ውስጥ ሲቀረቀር ማን ነበር የሚጎትትልህ? ደምህ?»

«ስም ሌላ፣ አጥንት ሌላ።»

ቪዮላ አየት አደረገችው። ልጅ ሳለ አፍንጫውን የምትጠርግለት እሷ ነበረች፤ ያኔም ለንፍጡ እንደ ቅርስ ነበር የሚሳሳለት።

ከምሳ በኋላ ኤልድሪጅ ዘመዱን ሁሉ ወደ መቃብሩ ነዳው። በዚያ አገር ያረጀ የመቃብር ድንጋይ መሬት ይውጠዋል፤ የጆሳያም በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ እስከ ወገቡ ሰምጧል። የሚነበበው ስሙ ብቻ ነው፤ የቀረው ጽሑፍ አፈር ውስጥ ነው። የባላባቱ አባት ስም እዚያ ታች እንዳለ ኤልድሪጅ ምሎ ይገዘታል። ስለዚህ ድንጋዩን የሚያወጣለት ሰው ቀጥሮ፣ ከአገረ ገዢው በቀር ያልጠራው አልነበረም።

«ቀስ በል! ታሪክ ነው የያዝከው!» ብሎ ጮኸ፣ ቅጥረኛው ዶሪያን በሰንሰለት ሲስብ።

«ታሪኩ ይከብዳል ጌታዬ» አለ ዶሪያን እያለከለከ።

ድንጋዩ ወጣ። ኤልድሪጅ ጭቃውን ጠርጎ፣ ጉሮሮውንም ጠራርጎ፣ ለሕዝብ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፦ «አባቱ ያልታወቀ። ሕፃን ሳለ ብቻውን ከመርከብ የወረደ...» ድምፁ እንደተበሳ ጎማ ተነፈሰ።

«ምነው? ቀጥል እንጂ» አለችው ቪዮላ።

«ጭቃ ነው፤ አይታይም።»

ቪዮላ ሳጥኗን እንዳቀፈች ጎንበስ ብላ ጨረሰችው። «ልጅ ያልነበረው ጫማ ሰፊው ኤፍሬም ስታንዊክ አንስቶ አሳደገው፤ ስሙንም ሰጠው።»

አንዲት አክስት ካናቴራዋ ላይ ያለውን አንበሳ በቦርሳዋ ከለለችው።

«የዚያን ዘመን ድንጋይ ቀራጮች እኮ ሰካራሞች ነበሩ» አለ ኤልድሪጅ።

«ይሁና!» አለች ቪዮላ። «በሕግህ እንሂድ። የማደጎ ልጅ እዚህ አይተኛም አላልክም? ዶሪያን፣ ሰንሰለቱን እንዳታስቀምጥ! ከጆሳያ እንጀምርና ልጆቹን፣ የልጅ ልጆቹን፣ የዚህን ሰውዬ አባት ጭምር እናውጣቸው። የስታንዊክ ደም ያለው አንድም ሰው እዚህ የለም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ዘመዱ ሁሉ ዞሮ ኤልድሪጅን አየ።

«አባቴን አትንኩ» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ታዲያስ?»

«እናቱ አጠገብ... ይቆፈርለት።»

«ለማን?»

«ለሩፎስ።»

«ለየትኛው ሩፎስ?»

ኤልድሪጅ መሬት መሬቱን እያየ «ለሩፎስ ስታንዊክ» አለ።

«ጎሽ!» አለችና የዶሪያንን አካፋ ተቀብላ አስጨበጠችው። «በል ቆፍር። ወንድምህ አይደል?»

ቆፈረ። አካፋውን እንደ በትረ መንግሥት ከጫፉ ይዞ አፈሩን ሲቧጭር ያየ ሁሉ፣ በእጁ ሠርቶ ያደረው ጫማ ሰፊው ኤፍሬም ይህን ሳያይ መሞቱ በጀው አለ።