የንባብ ቀን ሳይደርስ

በእነ ፒንጄን ቤት ሰኞና ማክሰኞ ከተረሱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እናቷ ከትምህርት ቤት አስወጥታ ቤት ማስተማር ከጀመረች ወዲህ ቀኖቹ የሚጠሩት በትምህርታቸው ነው፦ የቁጥር ቀን፣ የታሪክ ቀን፣ የጋን ቀን፣ የሥዕል ቀን፣ የንባብ ቀን። ቤተሰቡ ሺሉዎ ከተማ ዳር የጥቁር አኩሪ አተር ስጎ እየጠመቀ ስለሚኖር፣ ሳይንስ የሚባለው ሁሉ ያለው ጓሮ፣ ጋኑ ውስጥ ነው።

የዚህ ሳምንት የንባብ ቀን ግን የዋዛ አልነበረም። ከትምህርት ቢሮ ገምጋሚ ይመጣል። ንባቧን ሰምቶ ካልጣመው፣ ከመስከረም ጀምሮ ወደዚያ ክፍል መመለሷ ነው፤ እሷ አንድ ዓረፍተ ነገር እስክትጨርስ ልጆቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ወደሚቆጥሩበት። ፒንጄን ማንበብ አቅቷት አይደለም፤ ቀስ ትላለች እንጂ። እናም መላ ዘየደች። አንድ ገጽ መርጣ፣ ዓይኗን ጨፍና እስክትወጣው ድረስ ሸመደደችው።

የቁጥር ቀን በሰላም አለፈ። ለአተሩ የሚበቃውን ጨው ስታሰላ አንዴ ብቻ ተሳሳተች፤ አያቷ አማ፣ "በዚህ ስሌትሽ ብንጠምቅ ባሕር ይቀናብን ነበር" አለቻት። በማግስቱ ዝናቡ ወረደ። ጣሪያው አተሩ ሻጋታ እንዲያወጣ የተሰጣበት ክፍል ላይ አፈሰሰ። የቀርከሃውን ሰፌድ ሁሉ ሲያሸሹ፣ ቀዳዳ ሲደፍኑ ሁለት ቀን ሄደ።

"ዝናብ የበላው ቀን አይቆጠርም" አለች እናቷ ጸጉሯን እየጨመቀች። "ከቆምንበት እንቀጥላለን።"

ከቆሙበት ቀጠሉ። ዓለም ግን ቆሞ አልጠበቃቸውም። አባትየው በጭነት መኪናው ወደ ደቡብ ወርዷል፤ አማ እንደሆነች የምትቆጥረው በጨረቃ ነው። የጋን ቀን ጠዋት ሦስቱም እጃቸውን እስከ ክርናቸው ነክረው አረንጓዴውን ሻጋታ ከአተሩ ላይ ሲያጥቡ፣ አንድ ሽማግሌ ሞተር ሳይክላቸውን በር ላይ አቁመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ቺዩ እባላለሁ። ከትምህርት ቢሮ ነው የመጣሁት።"

እናቷ ክው አለች። "መምህር፣ የሚመጡት ዓርብ አይደል እንዴ?"

"ዛሬ እኮ ዓርብ ነው።"

እናቷ ወደ አማ ዞረች።

"እኔን አትዪኝ" አለች አማ። "በእኔ ጨረቃ አሥራ ሁለት ነው።"

ፒንጄን እጇን ከውኃው አወጣች። "መጽሐፌ ፎቅ ላይ ነው፤ ሮጬ ላምጣው።"

"ተዪው፤ በእኔ ምክንያት ሥራ አይፈታ" አሉና መምህር ቺዩ ሰፌዱ ላይ ጎንበስ አሉ።

"እንዳያስነጥሱበት፣ መምህር። የሳይንስ አስተማሪዬ ነው።"

"ማን፣ ሻጋታው?"

"አዎ። አይቆጣም።"

አማ ጎኗን ቆነጠጠቻት። ሽማግሌው ግን አፍንጫቸውን ይዘው አንድ እርምጃ ራቁና መጠየቅ ጀመሩ። ሻጋታው ለምን ይታጠባል? ካልታጠበ ስጎው ይመራል። ጨው ከላይ ለምን ይደፋል? መጥፎው ብስባሽ እንዳይገባ። ይህን ሁሉ እንደ ውኃ አንቆረቆረችው። ቀጥሎ ትልቁ ጋን ላይ ወደተለጠፈው ቀይ ወረቀት አመለከቱ።

"እስቲ ያን አንብቢልኝ።"

የሞቱት ወንድ አያቷ በብሩሽ የጻፉት ነው። የተሸመደደው ገጽ እዚህ ምንም አይፈይድም። አንዱን ቃል አገኘችው፤ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ቆመች። በጣቷ እርጥብ መዳፏ ላይ፣ ጭረት በጭረት፣ ቃሉን ለማስታወስ ትጽፈው ጀመር። ከእናቷ ክርን ውኃ ጠብ ይላል። እናቷ ጽሑፉን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ከንፈሯን ነከሰች። አማ ልትነግራት አፏን ስትከፍት እናቷ እግሯን ረገጠቻት። አማትን መርገጥ በዚያ ቤት ተሰምቶ አይታወቅም።

"'ሳይደርስ... የከፈተህ... እጁ ይሰበር'" አለች ፒንጄን በመጨረሻ።

"ቆየሽ" አሉ መምህር ቺዩ።

"ስጎውም ስድስት ወር ይቆያል፣ መምህር። ጠረጴዛ የሚደበድብበት የለም።"

ሽማግሌው ጋኑን አዩ፤ ልጅቷን አዩ፤ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። "ቀጥሉ" አሏት ለእናቷ። "እዚሁ ትማር። ለሚቀጥለው ግን ቀኑን በእኔ አቆጣጠር አድርጉት።"

የሞተሩ ድምፅ ሲርቅ እናቷ የተደፋ ባልዲ ላይ ዘፍ አለች።

"ያ የሸመደድሽው ገጽ ሜዳ ላይ ቀረ።"

"ታውቂ ነበር?"

"መጽሐፉን ዘቅዝቀሽ ይዘሽ እኮ ነው ስታነቢልኝ የሰነበትሽው።"

ፒንጄን ንጹሕ ውኃ በሳፋ ቀድታ መጣችና፣ አረንጓዴ የለበሱትን የእናቷን እጆች ስባ፣ ጣት በጣት ታሻቸው ጀመር።

"ምን ነካሽ?"

"የጋን ቀን አይደል? ትምህርቱ እጥበት ነው።"

እናቷ እጇን አልነጠቀችም።

"የእኔስ የተረገጠው እግር?" አለች አማ ጫማዋን እያወለቀች።