ፍጉ ካለቀ በኋላ

«የድሮውን ቃል መልሰሽ ላኪው በቃ» አለ ግሌብ፣ በሚስቱ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብሎ ኮምፒውተሩን እያየ።

«አባቴ የሰረዘውን?»

«ኢንጋ፣ አባትሽ እንግሊዝኛ አያውቁም ነበር።»

ከወጥ ቤቱ በር ማዶ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ለቀስተኞች በሹክሹክታ ያወራሉ። የኢንጋ አባት ሳቬሊ ኢሊች ከሞቱ ዛሬ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። እንደ ሩሲያ የለቅሶ ወግ መስታወቱ አንሶላ ለብሷል፤ ከፎቶግራፋቸው ፊት ጥቁር ዳቦ የተከደነባት የቮድካ ብርጭቆ ቆማለች። የለንደኑ መጽሔት አዘጋጅ በአንድ መስመር ጥልቅ ሐዘኑን ገልጾ፣ በሚቀጥለው መስመር የሟቹ ጥናት ትርጉም እስከ ነገ ቀትር ካልደረሰው ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጥ አስታውቋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የተለፋበት ሥራ በአንድ ቃል ተይዞ ቀርቷል።

ቃሉን የሩሲያ የአፈር ሊቃውንት «ፖስሌዴይስትቪዬ» ይሉታል። ማሳ ላይ ፍግ ይበተናል፤ ከዚያ ይቆማል፤ ገብሱ ግን ለዓመታት ከጎረቤቱ ልቆ ይበቅላል። ኢንጋ የአባቷን ጽሑፎች ስትተረጉም ሃያ ዓመት ሙሉ «ሬዚዱዋል» እያለች አልፋዋለች፤ እንግሊዞች ተርፎ ለቀረ ነገር የሚሉት ነው። መዝገበ ቃላቱም እንደዚያው ይላል፣ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ባለፈው ወር ግን ሽማግሌው በሰማንያ አንድ ዓመታቸው መዝገበ ቃላት ገዙ። ፊደል እየለቀሙ ፈለጉና ቃሉን ከአሥራ አንድ ቦታ በአረንጓዴ እርሳሳቸው ሰረዙት። በዚያ እርሳስ የወደዱላት ሥራ ጎን ትንሽ ምልክት ያደርጉ ነበር፤ ኢንጋ ከልጅነቷ ጀምሮ ያቺን ምልክት እንደ ምርቃት ነው የምታያት።

«ይሄ ትራፊ ማለት ነው። የኔ ማሳ ላይ ትራፊ የለም» አሏት።

«አባዬ፣ እንግሊዝኛ የተማርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

«አንቺ ነሽ። ማሳውን ግን አታውቂውም።»

በሩን ወርውራ ዘግታ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ደም ሥራቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈነዳ። አሁን ያ በር ጆሮዋ ውስጥ ይጮሃል፣ ቀንም ሌሊትም።

የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና ክላቫ ለሙታን መታሰቢያ ከስንዴና ከማር የሚሠራውን ኩትያ በድስት ታቅፋ ገባች። በሙከራ ጣቢያው ከሳቬሊ ኢሊች ጋር ሠላሳ አራት ዓመት አፈር የቆፈረች ሴት ናት፤ እጇ የወንድ እጅ ነው።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ተደብቀሽ ነው? ኩትያውን ሳትቀምሺ?» አለች።

«አልራበኝም፣ አክስቴ ክላቫ።»

«ለረሃብ ማን አለሽ? ለነፍሳቸው ነው። አፈር ስሆን፣ አንድ ማንኪያ።»

ክላቫ በሳህን ጨልፋ ሰጠቻት፤ ኢንጋ ቀመሰች። ማሩም ዘቢቡም አለ፤ ፍሬው ግን ስንዴ አይደለም።

«ገብስ ነው?»

«የሰባተኛው ማሳ። ሌላ እህል አባትሽ ፊት አላቀርብም።»

ኢንጋ ማንኪያውን ወደ ብርሃኑ አቅርባ ፍሬውን አየች። «ሰባተኛው ማሳ ለመጨረሻ ጊዜ ፍግ ያየው መቼ ነው?»

«እኔ በተዳርኩበት ዓመት ነዋ። አሁን ልጄ መመለጥ ጀምሯል።»

«እና እስከ ዛሬ ፍጉ አፈሩ ውስጥ አለ?»

«ምን አለ! የምቆፍረው እኔ አይደለሁም? በላቦራቶሪ ስናየው ከጎረቤቱ ማሳ አይለይም፤ ዘሩ የለም። አባትሽ ሰንፌ መስሏቸው ሦስቴ አስቆፈሩኝ። ምንም! ገብሱ ግን እዚህ ይደርሳል» አለችና መዳፏን ከወገቧ ከፍ አድርጋ አሳየች።

«ታዲያ ምንድነው የሚያሳድገው?»

«ፍጉ ትሎቹን ጠራ። ትሎቹ መንገድ ከፈቱ። ሥሩ በዚያ ገባ፤ ያ ሥር ሲበሰብስ ለከርሞው ሥር መንገድ ሆነ። ‹ክላቫ፣ ፍጉ ሄዷል፣ ሥራው ግን አልቆመም› ይሉኝ ነበር።» ድስቱን ከደነች። «አንቺ ቦት ጫማ ስለማትወጂ መጥተሽ አላየሽውም እንጂ።»

ይህን ሁሉ ኢንጋ ራሷ ተርጉማዋለች፤ ሰንጠረዡን፣ ቁጥሩን፣ የትሎቹን ብዛት ሳይቀር። ሰንጠረዡ «ምንም አልቀረም» እያለ እሷ ርዕሱ ላይ «የቀረው» ብላ ስትጽፍ ኖራለች። ፊቷ ጋለ፤ አለቀሰችም። ክላቫ አላባበለቻትም፤ ሳህኑን ብቻ ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት።

ኢንጋ እስከ መጨረሻው ፍሬ በላች። ከዚያ አሥራ አንዱም ባዶ ቦታ ላይ «ሌጋሲ» ብላ ሞላች፤ ባለቤቱ ከሄደ በኋላም ለተተኪው መንገድ የሚሆን ውርስ። አባቷ ይወዱት እንደሆነ የምትጠይቀው ሰው የለም። ላከችው።

የመጀመሪያውን ገጽ በወረቀት አወጣችና ለቀስተኞቹ መሐል አልፋ ከቮድካው ብርጭቆ ጎን፣ ፎቶግራፉ ፊት ዘረጋችው። ከአባቷ መሳቢያ አረንጓዴውን እርሳስ አመጣች። ጫፉ ዱልዱም ነበር። እሳቸው እንደሚያደርጉት በዳቦ ቢላ ቀስ ብላ ቀረጸችው፤ ከዚያም ጫፉን ወደ እሳቸው አዙራ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው።