የፊልሙ ኮሎኔል

አናጢው በሩን ሲያንኳኳ ኮሎኔሉ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ የራሱን ሞት እያየ ነበር። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ አሮጌ ፊልም ያሳያል። የዛሬው ተራ የእሱ ሆኖ፣ ቀለሙ በደበዘዘው ስክሪን ላይ አንድ ቀጭን ወጣት መኮንን ደረቱን ተመትቶ፣ ግንብ ተደግፎ፣ እጁን ወደ ግንባሩ አንስቶ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ ቀስ እያለ ወደ መሬት ይንሸራተታል። ለጎረቤት ሐዘን ሲሉ ድምፁን ዘግተውታል።

"ሰው እንዲህ አምሮበት አይሞትም" አለች ሴት ልጁ ልብስ እያጣጠፈች።

ኮሎኔሉ ኮሎኔል አይደለም። የጦር ሰፈር በር ረግጦ አያውቅም። በወጣትነቱ ቁመቱንና አገጩን ያዩ ፊልም ሠሪዎች መቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ እያሉ ሲሾሙት ኖረው በመጨረሻ ኮሎኔልነት ላይ አቆሙት። ሥራው ሲቀር ማዕረጉ አብሮት ቀረ። የሰፈሩ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው እጁን ወደ ግንባሩ ያነሳለታል። እሱም ፌስታል አንጠልጥሎም ቢሆን፣ ታክሲ ተጋፍቶም ቢሆን ቀጥ ብሎ ይመልሳል። ማንንም የማይጎዳ፣ ዕድሜ ያስቆጠረ ቀልድ ነበር።

አናጢው ግን በሩ ሲከፈትለት እጁን አላነሳም። ወታደር የነበረው የወንድ ልጁ ሬሳ የመጣው ጧት ነው። አንድ ጭነት መኪና፣ አንድ ሾፌርና አንድ ረዳት፣ ሌላ የለም። ሳጥኑን አወረዱ፣ አስፈረሙ፣ "እንዳይከፈት" አሉ፤ የሚያደርሱት ሌላ ቤት ስላላቸው ቸኩለው ሄዱ። መኮንን የለ፣ ባንዲራ የለ፣ "ልጃችሁ እንዲህ ሆኖ ነው" የሚል አንድ አፍ የለ። ሰው ሁሉ ሲጮህ አናጢው መጀመሪያ ያየው እንጨቱን ነበር። የዕቃ ማሸጊያ ጣውላ ነው። ጠርዙ አልተላገም፣ ሚስማሩ ተጣሞ ነው የገባው። አረፍ በል ቢሉት አሻፈረኝ ብሎ መላጊያውንና ብርጭቆ ወረቀቱን አመጣና በለቅሶው መሐል ተንበርክኮ የልጁን ሳጥን ሲልግ፣ ሲያለሰልስ ዋለ። ተው ሊለው የደፈረ አልነበረም። አሁንም ሰጋቱራው ከፀጉሩና ከቅንድቡ ላይ አልረገፈም።

"ግባ እንጂ" አለው ኮሎኔሉ።

"አልቀመጥም።" ዓይኑ ስክሪኑ ላይ አርፎ ትንሽ ቆየ። "ነገ ስንቀብረው እንደዚያ አድርግለት።"

"እንዴት?"

አናጢው በአገጩ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመ። "እንደዚያ። ወታደር ሲቀበር ሰላምታ ይሰጠዋል አይደል? እኔ የማውቀው መኮንን አንተን ብቻ ነው። ልብሱም ካለህ ልበሰው።"

ኮሎኔሉ ቀልድ መስሎት ፊቱን አየው። የቀልድ ሽታ እንኳ አልነበረበትም። ኮሎኔሉ ምን ብሎ እንደመለሰለት በኋላ ሊያስታውስ አልቻለም፤ እሺ ሳይለው ግን አልቀረም፣ አናጢው ትከሻውን ነካ አድርጎት ነበርና የሄደው።

የኮሎኔሉ ልጅ ነገሩን የሰማችው ከጓዳ ሆና ነው። አባቷ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ የመጨረሻውን ፊልም ካፖርት አውጥቶ መስተዋት ፊት ሲቆም መጥታ በሩ ላይ ተደገፈች። ቁልፎቹ ያብረቀርቃሉ፣ ትከሻው ላይ የተሰፋው ኮከብ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ነው። ይህን ለብሶ መንገድ የወጣ ሰው እንደሚታሰር፣ ባይታሰር እንኳ ሰው ሁሉ ካሜራው የት ነው እያለ ዙሪያውን እንደሚቃኝ ነገረችው። የሟቹ እናት ስታየው ምን ትላለች ስትለው ግን ቁልፎቹን መፍታት ጀመረ። ካፖርቱን አውልቆ መለሰው።

አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ድሮ ያሠራው የነበረ፣ አሁን በሕይወት የሌለ የፊልም ዳይሬክተር ድምፅ መጣበት። ያ ሰው ተዋናይ እጁን እንዲያነሳ ሲፈልግ ትምህርት ሳይሰጥ አያልፍም ነበር። የግንባሩ ሰላምታ ከየት እንደመጣ ሲጠይቁት ብዙ መልስ ነበረው፣ በአንዱም አይምልም። ብረት ለባሽ ፈረሰኞች ሲገናኙ የፊታቸውን መከለያ ገልጠው "እኔ ነኝ" የሚባባሉበት ነው የሚል አለ። ቀኝ እጄ ባዶ ነው፣ መሣሪያ አልያዝኩም ማለት ነው የሚልም አለ። ባርኔጣ የማውለቅ ልማድ እያጠረ፣ እያጠረ መጥቶ እጅ ብቻ የቀረበት ነው የሚልም አይጠፋም። ስለ ፋሺስቶቹ ሰላምታ፣ ወደፊት ቀጥ ብሎ ስለሚዘረጋው ክንድ ሲጠይቁት ግን ፊቱ ይጠቁር ነበር።

"የጥንት ሮማውያን ነው ይላሉ፤ ማስረጃው የታለ?" ይላል። "ሠዓሊ ሳለው፣ ቴአትር ተዋሰው፣ ፊልም አስዋበው። ከዚያ እውነተኛ ሰዎች ከሲኒማ ቤት ይዘውት ወጡና በአደባባይ እውነተኛ ሬሳ ከመሩበት። እዚህ የምታነሳት እጅ የት እንደምትደርስ አታውቅም፣ ወንድሜ።"

ኮሎኔሉ ያኔ ልጅ ነበር። የሚያሳስበው እጁ በካሜራው ውስጥ ማማሩ ብቻ ነበር።

ጀምበር ሳትጠልቅ ተነስቶ ወደ ሰፈሩ መጨረሻ ወረደ። እዚያ ጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ ይኖራል። እግሩን ጦርነት ላይ ተመትቶ ያነክሳል፣ አሁን የባንክ ዘበኛ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ለኮሎኔሉ እጁን አንስቶ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሥራ ጫማውን ሲቦርሽ አገኘውና ነገሩን ሳይሸፋፍን አጫወተው።

"ባርኔጣ ሳታደርግ ሰላምታ የለም" አለ ሃምሳ አለቃው ቀና ሳይል። "ባርኔጣ ካደረግህ ደግሞ የሰው ማዕረግ ሰረቅህ ማለት ነው።"

"ታዲያ አንተ ስጠው። ያንተ የእውነት ነው።"

ብሩሹ ቆመ። "እኔ ያን እጅ ካነሳሁ የሚመጣብኝ የአናጢው ልጅ ብቻ አይደለም። የቀበርኳቸው ሁሉ ናቸው ተሰልፈው የሚመጡት። አልችልም።"

ሃምሳ አለቃው ብሩሹን ወደ ጫማው መለሰ። ኮሎኔሉ ሊሄድ ሲል ግን ክንዱን ያዘው።

"በፊልሞችህ ሁሉ ጣትህ ይከፈታል። ጦር ሰፈር ውስጥ ሲያሳዩን በዚያ ነበር የምንስቅብህ።" ቀኝ እጁን ተቀብሎ አራቱን ጣቶች አንድ ላይ ገጥሞ ጨመቃቸው። "እንዲህ። ካደረግኸው አይቀር ዝጋቸው።"

በማግስቱ የመቃብሩ አፈር ከዝናብ የተነሳ ጭቃ ሆኖ ነበር። ኮሎኔሉ የራሱን ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ራሱን ገልጦ መጣ። አናጢው ኮቱን አየ፣ ምንም አላለም። ሳጥኑ በገመድ ሲወርድ ሰው ሁሉ ጎኑ እንደ መስተዋት መለስለሱን ያይ ነበር። ገመዱ ሲወጣ አናጢው ወደ ኮሎኔሉ ዞረ።

ኮሎኔሉ ወደፊት ወጣ። ከኋላ ጎረምሶች ስልካቸውን ሲያወጡ ታወቀው፣ አንዱ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። ኮሎኔሉ ተረከዙን ገጠመ፣ ጣቶቹን ዘጋ፣ እጁን አነሳ።

ፊልም ላይ ይኼ ቀላል ነበር። ዳይሬክተሩ "ቁረጥ" ሲል እጅ ይወርዳል፣ ሟቹም ልብሱን አራግፎ ተነስቶ ሲጋራ ይለኩሳል። እዚህ የሚቆርጥ አልነበረም። ወታደር ሰላምታው ካልተመለሰለት እጁን አያወርድም ሲባል ሰምቷል፤ ይኼኛው ደግሞ አይመልስም። ቀባሪዎቹ አፈር መመለስ ጀመሩ። መጀመሪያ ጭቃው ጣውላው ላይ ሲያርፍ ይሰማ ነበር፣ ኋላ ድምፁ እየታፈነ ሄደ። የኮሎኔሉ ትከሻ ተቃጠለ። አናጢው ካጠገቡ ቆሞ ያን እጅ እንጂ ጉድጓዱን አያይም። ጎረምሳው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ያን ጊዜ የልጁ እናት ከሴቶቹ መሐል ቀና አለች። ከትናንት ጧት ጀምሮ ቃል አልወጣትም ነበር።

"ለማን ነው?" አለች።

"ለልጅሽ ነው" አሏት።

"ለልጄ?" እጁን ትኩር ብላ አየችው። "ይኼ ለልጄ ነው?"

ጭቃው ላይ ወደቀች። ሴቶቹ ደግፈው ሲያነሷት ከአፏ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር። ኮሎኔሉ ደግ ይሁን ክፉ የሠራው አልገባውም። እጁን ቢያወርድ ልጇን ዳግመኛ የሚገድለው መሰለው፣ ባያወርድ ደግሞ ጩኸቷ የሚያቆም አልመሰለውም። አፈሩ ከመሬት ጋር እኩል ሆነ፣ ከዚያም ጉብ አለ። እሱ ግን እዚያው ተገትሯል።

"ይበቃል" አለው አንድ ድምፅ ከጆሮው ሥር። ሃምሳ አለቃው ነበር። መቼ እንደመጣ ያየው የለም። "አሁን አውርድ።"

አወረደ። አናጢው ያን እጅ ይዞ እስከ መቃብሩ በር ድረስ አልለቀቀውም።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ስልካቸውን ካወጡት አንዱ ቀድቶት ኖሮ ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያለቀሰበት አለ። የፊልም ኮሎኔል ሬሳ ላይ ቀለደ ብሎ የሰደበውም ብዙ ነው። ወዲያው አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው የኮሎኔሉ ልጅ የምትሠራበት የስልክ መሸጫ ድረስ መጥቶ፣ ደንበኞች ወጥተው እስኪያልቁ በትዕግሥት ጠብቆ አነጋገራት። ድምፁን ከፍ አላደረገም። አባትሽ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሲጦሩ ነው የሚያምርባቸው፣ ያላግባብ የሠራዊቱን ስም ማስነሳት ለእሳቸውም ለአንቺም አይበጅም አላት። ሲወጣም የሱቁን ባለቤት በስሙ ጠርቶ ተሰናበተው።

ያን ምሳ ሰዓት እቤት መጥታ ሳትበላ ተመለሰች። ከመመለሷ በፊት አባቷ ፊት ቆማ፣ ሌላ የሚያኖራቸው ነገር እንደሌለ፣ ይህን ሥራ ካጣች ቤት ኪራዩም የእሱ መድኃኒትም አብረው እንደሚቀሩ ዘረዘረችለት። ያለችው ሁሉ ልክ ነበር። ኮሎኔሉ ሁለተኛ እንደማያደርገው በእናቷ አፅም ማለላት።

ሌላ ሴትዮ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ልጁ ለሥራ ልትወጣ ጫማዋን ስታደርግ በሩ ተንኳኳና ኮሎኔሉ ከፈተ። የማያውቃት ሴት ናት። ጥቁር ለብሳለች፣ ልብሱ የተውሶ መሆኑ ከእጅጌው ያስታውቃል። ከሌላ ሰፈር በእግሯ እንደመጣች፣ ቤቱን ለማግኘት ብዙ ሰው እንደጠየቀች ነገረችው። የልጇን ሬሳ አምጥተውላታል። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው።

ኮሎኔሉ ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ልጁ ጫማዋን እንደያዘች ቀና ብላ ታየዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ ራሷን ነቀነቀች፦ እንዳታደርገው።

"እህቴ" አለ ኮሎኔሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የላኩሽ ሰዎች አሳስተውሻል። እኔ ወታደር አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። የፊልም ተዋናይ ነኝ፤ ኮሎኔል የሚሉኝም ለጨዋታ ነው።"

ሴትዮዋ አልደነገጠችም፣ አልሄደችም። ከእግሯ ላይ ጭቃውን በደረጃው ጠርዝ ጠረገችው።

"አውቃለሁ" አለች። "እውነተኞቹ ጋ ሄጄ ነው የመጣሁት። በር አልከፈቱልኝም።"

ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው ጋዜጣ ይዞ ቆሟል። ከዚህ በፊት እዚያ ቆሞ ይወቅ አይወቅ ኮሎኔሉ ማስታወስ አልቻለም። እንደገና ወደ ልጁ አላየም። በሩን እስከ ግድግዳው ድረስ ወለል አድርጎ ከፈተውና ሴትዮዋ እንድታልፍ ጎን ቆመላት።

"ግቢና ተቀመጪ" አላት። "ልጅሽ ማን ይባል ነበር?"