የግራው መብራት

ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ። መኪናዎቹ አነሱ እንጂ አልቀሩም። አሁን ከመኝታ ቤታችን ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ መዳፍ የሚያክሉ መኪናዎች ይሠራል። በካርቶን ታሽገው የሚመጡትን የፕላስቲክ ቁርጥራጮች በምላጭ ያላቅቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ በሙጫ ያጋጥማል፣ ይቀባል። አንዲት የዝናብ መጥረጊያ ለመለጠፍ ትንፋሹን ውጦ በወረንጦ ሲታገል ምሳው ቀዝቅዞ ያውቃል። የፈተገውን ነገር ሲፈትሽ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይዳስሰዋል። «ዓይን ይሸነግላል፣ ጣት አይሸነግልም» ይላል።

እኔ እዚያ ክፍል አልገባም፤ ተከልክያለሁ። ሹራቤ ብናኝ ያራግፋል፣ ብናኙም እርጥብ ቀለም ላይ ያርፋል። አንዴ የቀለሙ ሽታ ሳንባውን እንዳይጨርሰው ብዬ መስኮት ልከፍት ገብቼ፣ «ቀይዋ መኪና ላይ ጢም አበቀልሽባት!» ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ከዚያ ወዲህ የምጨነቀው ከደፍ ላይ ቆሜ ነው።

መጨነቅ ስል፣ ልክደው አልችልም፣ እጨነቃለሁ። ሊፍት ስሳፈር ገመዱን አስባለሁ። የልጅ ልጄ ወይን ስትበላ እንዳያንቃት እያንዳንዱን ፍሬ በቢላ ለሁለት እከፍላለሁ። ልጄ «እማዬ፣ አንቺ'ኮ ያልነደደ እሳት ጭሱ ይሸትሻል» ትለኛለች። ቤተሰቡ ሁሉ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፤ ግን ወይኑን መክፈሌን አልተውኩም። ይህን የምነግራችሁ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ማንም ለምን እንዳላመነኝ እንዲገባችሁ ነው።

በዚያ ሳምንት ባለቤቴ እራቱን ግማሽ ተወ። ግማሽ ስል እንዲያው ለነገሩ አይደለም። ሩዙን ከሳህኑ መካከል ወዲህ ሙልጭ አድርጎ በልቶ፣ ከመካከሉ ወዲያ ያለውን እንዳለ ትቶታል። «በቃህ?» ብለው «ምን ቀረና? ጨረስኩ'ኮ» አለኝ። ሆዱን ነክቶት ይሆናል አልኩ። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ጉንጩን ተላጭቶ አንዱን ሳይላጭ ወጣ። ምላጩ ደንዞ ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ መኪናችን፣ እውነተኛዋ፣ የግራ ስፖኪዮዋ ተሰብሮ በሽቦ ተንጠልጥሎ መጣች። «አንዱ ባለጌ በቆምኩበት ገጭቶኝ ጠፋ» እያለ ሲራገም አመሸ። እኔም አብሬ ረገምኩለት።

ቅዳሜ የሞዴል ሠሪዎች ማኅበር ኤግዚቢሽን ነበር፣ ከከተማው ማዶ ባለ አዳራሽ። ባለቤቴ የሚያቀርባት ሰማያዊዋን ነው። መንዳት የተማረባት የአጎቱ መኪና አምሳያ ናት፤ ለወራት ሲለፋባት ከርሞ ዋዜማውን «አለቀች!» ብሎ በካርቶን ሸፍኗታል። የልጅ ልጃችንም አብራው ልትሄድ ነው። ፌንጣ ነው የምንላት፤ መራመድ ስለማይሆንላት፣ ሁሌ ዝላይ ናት። ልጄ በጠዋት በር ላይ አውርዳት ወደ ሥራዋ ከነፈች። ባለቤቴ ደጅ ወጥቶ መኪናውን ይወለውላል፣ ፌንጣ ሳሎን ጫማዋን ታስራለች።

እኔ ደግሞ ሞዴሏ መንገድ ላይ እንዳትንገጫገጭ ከሳጥኗ ሥር ጥጥ ላነጥፍላት አሰብኩ። ሹራቤን በሩ ላይ አውልቄ፣ በጣቶቼ ጫፍ ገብቼ፣ ካርቶኑን አነሳሁት።

ሰማያዊው ቀለም ፊቴ እስኪታይበት ያበራል። መኪናዋ ፊቷን ወደ እኔ አዙራለች። በስተቀኜ ያለው የፊት መብራት በብር ቀለም ተከቦ፣ መስታወቱ ገብቶለት ያንጸባርቃል። በስተግራዬ ያለው ባዶ ጉድጓድ ነው። የፍርግርጉ ዘንጎች እስከ መካከል ብርማ ናቸው፣ ከመካከል ወዲያ ደረቅ ፕላስቲክ። ታርጋው ላይ የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ የመጀመሪያዎቹ የሉም።

እርጅና ነው፣ አንዱን ጎኗን ረስቷል አልኩ። ከዚያ ወደ ኋላዋ አዞርኳት።

አንዱን ጎን ረስቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሳዞራት የተረሳው ጎን ወደ ቀኜ መምጣት ነበረበት። በቀኜ ያለው ግን ምንም አልጎደለውም፤ ቀዩ የኋላ መብራት በቦታው ነው። የጎደለው አሁንም በግራዬ ነው። ደግሜ አዞርኳት። ደግሞ በግራዬ። የጎደለው የመኪናዋ ግራ አልነበረም። የተቀመጠው ሰው ግራ ነበር፤ የእሱ።

ዓይኔን ወደ ጠረጴዛው ወረወርኩ። በግራው ጠርዝ፣ ክዳኗ በተከፈተ ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ፣ የቀረው መብራት፣ እጀታው፣ ስፖኪዮው ተደርድረው ቁጭ ብለዋል። ማንም አልነካቸውም።

ሩዙ መጣብኝ። ጉንጩ መጣብኝ። ያ በቆመበት ገጭቶት የጠፋው ባለጌ መጣብኝ። ከዚያ ወደ አዳራሹ የሚወስደው ትልቁ አደባባይ፣ ከባድ መኪና ሁሉ ከግራ እየተንደረደረ የሚገባበት፣ ከነጩኸቱ መጣብኝ።

ስልኩን አንስቼ ልጄ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ገና ከሰፈሩ አልወጣሁም'ኮ። ምን ሆናችሁ?»

«አባትሽ በግራ በኩል አያይም።»

«ማን አለ?»

«መኪናዋ።»

«የትኛዋ መኪና?»

«ትንሿ።»

ከዚያ ያንን የማውቀውን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እማዬ፣ በሞቴ። አባዬ ሰው ሳይጭር አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ሲደርሱ ደውይልኝ፣ እሺ?» ዘጋችው።

ደጅ ወጣሁ። ባለቤቴ ጨርቁን እያጠፈ ነው፣ ቁልፉ ጣቱ ላይ ይሽከረከራል።

«ዛሬ በታክሲ ብትሄዱስ?» አልኩት።

«ደሞ ምን አየሽ?»

«ስፖኪዮው ተሰብሯል።»

«በሽቦ አስሬዋለሁ።»

«አንተ ሰው፣ ልለምንህ፣ ዓይንህ...»

«ዓይኔ ምን ሆነ?» ሣቁ ከፊቱ ጠፋ። «ባለፈው ልብህ አልሽኝ፣ ካቻምና ጉበትህ አልሽኝ። ሁሉንም አዳርሰሽ ዓይኔ ላይ ደረስሽ? ሴትዮ፣ መለዋወጫ አለቀብሽ!»

ወደ ቤት ዞሮ ሲገባ ግራ ትከሻው መቃኑን መታው። «ይህን በር ማን አጠበበው?» ብሎ አልፎ ሄደ። ሳሎኑ መካከል ቆሞ ጮክ ብሎ ተጣራ።

«ፌንጣ! ነይ እንጂ፣ ረፈደብን!»

ፌንጣ ከጎኑ ቆማለች። ክንዱን ለመንካት እጇን መዘርጋት ብቻ ነው የሚቀራት። በግራው በኩል፣ ጫማዋን አስራ፣ ቀና ብላ ታየዋለች።

«ፌንጣ! የት ገባች ይቺ ልጅ?»

ልጅቱ ድብብቆሽ መሰላት። አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች።

«እዚህ ነኝ'ኮ፣ አባባ!»

ደንግጦ ዘለለ። «አንቺ! ከየት በቀልሽ?» ብሎ ሳቀ። ሣቁ ግን በአጭሩ ተቋረጠ። ፀጉሯን አሻሽቶ «በይ ሳጥኑን እናምጣና እንሂድ» አለ። ቁልፉ እጁ ውስጥ ነው። ደጁ ተከፍቷል።

ጮኼ ብይዘው ይጥለኛል እንጂ አይቆምም። ባለቅስ «ጀመራት» ይላል። ይህን ሰውዬ የሚያቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም የማውቀው እኔ ነኝ።

«ሞዴሏን ነክቻታለሁ» አልኩ።

ቀጥ አለ።

«ምን አደረግሽ?»

«ጥጥ ላነጥፍላት ብዬ። ከሹራቤ ፀጉር ሳይወድቅባት አይቀርም። ፊቷ ላይ።»

«ሹራብሽን ለብሰሽ ገባሽ?» ፊቱ ተለዋወጠ። «አንቺ ሴትዮ ጠላቴ ነሽ! በዛሬ ቀን!» እያለ ወደ ክፍሉ ተንደረደረ። ፌንጣ እጄን ያዘች፤ ተከትለነው ገባን። ቁልፉን ኪሱ ከቶ ተቀመጠ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ፣ መኪናዋን ወደ ራሱ አዞረ።

«የታል? ምንም የለባትም።»

«በዓይን አይታይም። በጣትህ ፈልገው።»

እየተነጫነጨ መነጽሩን አወለቀ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሌባ ጣቱን በቀኙ መብራት ላይ አሳረፈ። በቀለበቱ ዞረ። ወደ ፍርግርጉ ተሻገረ፣ ዘንግ በዘንግ፣ ቀስ እያለ፣ መካከሉ ላይ ደረሰ። ቀለሙ ያለቀበት ቦታ ላይ ጣቱ ዘገየ። ቀጠለ። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

ጣቱ እዚያው ቀረ።

ዓይኑን ገለጠ። አየ። ጨፈነ። ዳሰሰ። እንደገና ገለጠ። ፌንጣ እንኳ መዝለሏን ትታ ቆማለች።

«ዓይኔ ሙሉ ናት ይላል» አለ በቀስታ። «ጣቴ ባዶ ነው ይላል።»

«ማን ነው የማይሸነግለው?» አልኩት።

አንገቱን ወደ ግራ ማዞር ጀመረ፤ ብዙ፣ የጉጉት ወፍ እንደሚያዞረው ያህል፤ ቆርቆሮዋ ላይ እስኪደርስ። መብራቱን አየው። እጀታውን አየው። እጁን ዘርግቶ ሳያነሳው መለሰው።

«ያ ባለጌ...» አለ።

«አዎ።»

«ባለጌ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ሰው ቢሆንስ ኖሮ የገጨሁት?» ቀና ብሎ ፌንጣን ፈለጋት፤ በቀኙ ስለነበረች ወዲያው አገኛት። ብዙ አያት። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ሰጠኝ ስል አስቀመጠ አይደለም፤ መዳፌን ከፍቶ አስጨበጠኝ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘጋቸው። ስንት ዓመት ስደብቅበት፣ ከስኳር ዕቃ ውስጥ እየሳቀ ሲያወጣው የኖረ ቁልፍ ነው። ቀዝቃዛ ነበር።

«ኤግዚቢሽኑስ?» አለች ፌንጣ።

«ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው፣ የኔ እናት» አልኳት፤ ታክሲም ጠራሁ። የሚገርመው ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። የምፈራው ነገር ከፊቴ መጥቶ ሲቆም ለካ ፍርሃት ሥራ ይፈታል።

ከኋላ ተቀመጥን፤ እሱ በቀኝ፣ እኔ በግራው፣ ፌንጣ ከፊት ቀበቶዋን ሁለቴ ፈትሼላት። ባለቤቴ ሌላ ሰው እየነዳ መቀመጥ አያውቅበትም፤ እግሩ ባዶ ወለል ላይ ፍሬን ይፈልጋል። አደባባዩ ላይ ስንደርስ ሹፌሩ ቆመ። ባለቤቴ ፊት ለፊት እያየ «ግባ እንጂ፣ ክፍት ነው'ኮ!» አለው።

ያኔ ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና ከግራችን መጥቶ፣ መስኮቱን እያንቀጠቀጠ፣ በፊታችን አለፈ።

ባለቤቴ እጄን ያዘ። ጣቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለበት።

«ከየት መጣ?»

«ከግራ።»

«አላየሁትም» አለ። ቀጥሎም፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «እገባ ነበር» አለ።

ሐኪሟ ዓይኑ ደህና ነው አለችን። ከጭንቅላቱ ጀርባ አንዲት ቀጭን የደም ሥር ተዘግታ፣ ዓይኑ ያየውን ግራ ግራውን አንጎሉ መቀበል ትቷል። መድኃኒት ጀመረ፤ አንገቱን ወደ ግራ ማዞር እንደ ሕፃን ይለማመዳል። የተወሰነው ይመለስ ይሆናል፣ መንዳት ግን አይታሰብም ብላዋለች። ልጄ የዚያን ዕለት ማታ መጥታ ሞዴሏን በእጇ እያዟዟረች አየቻት። ለፌንጣ ያመጣችውን ወይን ይዛ ወጥ ቤት ገባች፤ ቢላዋ ሲንኳኳ ሰማሁ።

ሰማያዊዋ አሁን እያለቀች ነው። ባለቤቴ ወንበር ጨመረ፣ በግራው በኩል። እዚያ ተቀምጬ «ወደ እኔ፣ ገና ወደ እኔ፣ እዚያ ጋ» እለዋለሁ፤ ትንፋሼንም አብሬው እይዛለሁ።

ትናንት የግራውን መብራት ልንገጥም ስንል ወረንጦውን አንስቶ አንገቱን እስከ መጨረሻው አዞረና አየኝ።

«ቆይ» አለ። «መጀመሪያ ያን ሹራብ አውልቂ።»