የጓሳ ባሕር ግዝት

ሐይቅ ሊመርጡ ከደብረ ታቦር የመጡት ሰዎች መኪናቸውን ረግረግ ውጦባቸው የመጨረሻውን አቀበት በእግራቸው ሲያዘግሙ፣ ደሳለች ከላይ ሆና አየቻቸውና ሳቋን በጋቢዋ ጫፍ ሸፈነች። ፊት ፊት የሚመጣው አቶ ወርቁ ነው፤ የውድድሩ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ። ጫማው ጠዋት ሲነሣ ነጭ ነበር። ከኋላው ሕሊና ትከተላለች፤ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዓሣ የምታስተምር የሐዋሳ ልጅ፣ የጉናን ብርድ ገና ያልለመደች።

ያመጣቸው ጉዳይ የዓሣ ማጥመድ ውድድር ነው። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር በእንግዳ ትጥለቀለቃለች። ከዚያ ሁሉ እንግዳ መካከል ረጅም ዘንግ ይዞ፣ በክር ጫፍ ከላባ የተሠራች ዝንብ አሥሮ፣ ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ማታለል የሚወድ አይጠፋም፤ እሱን ወደዚህ ማምጣት ነው ሐሳቡ። ሐሳቡ ደግ፣ ሐይቁ ግን ጠፋ። በሐሙሲት በኩል ያዩት ኩሬ ለብ ያለ ነው፤ ትራውት ሙቀት አይችልም። ወደ ይፋግ ወርደው ያዩት ደግሞ ከመደፍረሱ የተነሣ ዓሣው ዝንቧን ቢፈልጋት እንኳ አያያትም። ቀኑ ተቆርጦ፣ እንግዳው ተጠርቶ፣ ሐይቅ ገና ይፈለጋል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይኸ ነው። የቀረው ጓሳ ባሕር ብቻ ነው፣ በጉና ወገብ ላይ በጓሳ ሣር ተከቦ የተኛው ትንሹ ሐይቅ።

ደሳለች ይህን ቀን ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ከባሏ ስትለያይ በእጇ አንድ ጥማድ መሬት አልቀረላትም። ያን ጊዜ አንድ ፕሮጀክት የዓሣ ጫጩት በበቅሎ አስጭኖ አመጣና ውኃው ውስጥ ለቆ ሄደ። ፕሮጀክቱ ተረሳ፤ ዓሣው ቀረ። እሷ እንደሷው መሬት የሌላቸውን ሴቶች ሰብስባ ማኅበር አቋቁማ ጠባቂ ስትሆን አገሩ ሳቀባት። «ጉና ላይ ዓሣ ከማርባት ጣና ላይ በግ ማርባት ይቀላል» ይሏት ነበር። ዓሣው ግን አደገ፤ የደብረ ታቦር ሆቴሎች ይጠይቁት ጀመር። ሲጠየቅ ደግሞ የሳቀው ሰው ሁሉ መረብ ገዛ። ዓሣዋ እንቁላሏን ልትጥል ወደ ወንዙ አፍ፣ ጅረቱ ሐይቁን ወደሚገናኝበት ጥልቀት የሌለው ቦታ ስትወጣ ጠብቀው አፈሷት። በማግሥቱ ዓመት ጓሳ ባሕር ባዶ ውኃ መሰለ። ደሳለች ዳሩ ላይ ተቀምጣ ለሬሳ እንደሚለቀስ አለቀሰችለት።

አልቅሳ አልቀረችም። የአጥቢያው ቄስ፣ ቄስ ትእዛዝ ዘንድ ሄዳ ውኃውን አስገዘተች። ከኅዳር ጽዮን እስከ አስተርእዮ ማርያም ድረስ እጁንም፣ መረቡንም፣ በጉንም የሚያስገባ የተወገዘ ይሁን ተባለ። በዚህ አገር ሰው ፖሊስን ይሸሻል፤ ከግዝት ግን ወዴት ይሸሻል? ልማዱ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ያስገዘተው ሰው ራሱ ፍቱልኝ ካላለ ቄሱ ግዝቱን አይፈቱም። የተረፉት ጥቂት ዓሦች በዚያ ጥላ ሥር ተዋለዱ፣ በዙ፣ ክንድ አከሉ። ለእነዚያ ሴቶች መሬታቸው ይህ ውኃ ነው።

ዳሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ የማኅበሩ ሴቶችም፣ ቄስ ትእዛዝም አሉበት። ሕሊና እንደ ደረሰች ሰላምታዋን ቶሎ ሰጥታ ተንበረከከችና የሙቀት መለኪያዋን ወደ ውኃው ሰደደች። ደሳለች እጇን ያዘቻት።

«ግዝት ነው፣ የኔ እመቤት።»

«መለካት ብቻ ነው እኮ፣ እትዬ ደሳለች። ዓሣ አልነካም።»

«ገባ ማለት ገባ ነው። ዓይን አልተገዘተም፤ የፈለግሽውን ያህል እዪ።»

የተማረ ሰው ትቆጣለች ብለው ሁሉም ጠበቁ። እሷ መለኪያዋን ኪሷ ከተተች፤ ከዚያ ጓሳው ላይ በሆዷ ተኝታ አገጯን በእጇ ደግፋ ታይ ጀመር። ከሥር ያለውን ጠጠር አየች። ከውኃው ፊት የሚነሡትን ነፍሳት አየች። በወንዙ አፍ ላይ ጥላ የመሰለ ነገር ሄድ መለስ ሲል አይታ ትንፋሿን ያዘች።

«ጠዋት ውርጩ ዳሩን ያነጣዋል?»

«እስከ ረፋድ ድረስ» አለች ደሳለች።

«በበጋ ጅረቱ ይደርቃል?»

«ደርቆ አያውቅም።»

ሕሊና ሹራቧ ሣር እንደ ለበሰ ተነሣች። «ይኸ ነው» አለች። «ሌላ አልፈልግም።»

የማኅበሩ ሴቶች እልልታቸውን አቀለጡት። ደሳለችም አብራ እልል አለች። ያ ሁሉ ስድብ፣ ያ ሁሉ ሳቅ በአንድ ቃል ተመለሰላት።

አቶ ወርቁ ጉሮሮውን ጠራርጎ ንግግር ጀመረ። ውድድሩ በጥምቀት እንደሚሆን፣ እንግዳ እንደሚጎርፍ፣ ለእንግዳው ሲባል የጠጠር መንገድ እስከዚህ ድረስ እንደሚወጣ ተናገረ። ዓሣው እንደማይጎዳም አስረዳ፤ ተይዞ፣ ተለክቶ፣ ተመልሶ ይለቀቃል።

«ካልበሉት ለምን ያዙት?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ለጨዋታ ነው፣ አባባ።»

ሳቁ ወንዝ ተሻገረ። ደሳለች ግን አልሳቀችም። «በጥምቀት» የሚለው ቃል ደስታዋን እንደ ውርጭ መትቶታል።

«አንቱ፣ በጥምቀት አይሆንም» አለች። «ዓሣዋ እንቁላሏን ጥላ አልጨረሰችም፤ ግዝቱ የሚወጣው ባስተርእዮ ነው። ባስተርእዮ ማግስት ኑና ዘንጋችሁን እኔው እሸከማለሁ።»

አቶ ወርቁ ፈገግ አለ። «እርስዎ ደግሞ፣ እትዬ ደሳለች! በአስተርእዮ እንግዳው አገሩ ገብቷል። ግዝቱን ለሁለት ቀን ያንሡትና ከዚያ ይመልሱት።» ግዝት ማለት ምንጣፍ መስሎት።

«ለሁለት ቀን የተነሣ ግዝት ግዝት አይዶለም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። እናንተ በዘንግ የገባችሁበትን የኛው ሰው ነገ በመረብ ይገባበታል። ደሞስ እኛም በጥምቀት ጉግስ እንጫወታለን፤ በተዘራ እርሻ ላይ ግን ፈረስ አንጋልብም።»

ሁሉም ወደ ቄስ ትእዛዝ ዞረ። ቄሱ መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ልጄ፣ ፍቱልኝ ካልሽኝ እፈታለሁ» አሉ። «ካላልሽኝ አልፈታም። ነገሩ ያንቺ ነው።»

ያኔ ወንድሟ ሙሉቀን ወደፊት ወጣ። ከመላው አገር እሱ ባይናገር ትወድ ነበር።

«እታለም» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሚስቴን በዚህ ቁልቁለት በቃሬዛ ስናወርዳት አንቺም ነበርሽ። ደብረ ታቦርን ሳታይ ነው የሞተችው። መንገዱ ይምጣ። ለዐሥር ቀን ብለሽ መንገድ ታስቀሪያለሽ?»

ለደሳለች ሟቿ የወንድሟ ሚስት ብቻ አልነበረችም፤ ከባሏ ስትለያይ ቤቷን የከፈተችላት እሷ ናት። ደሳለች ቃሬዛውን ስትከተል የሟቿን እጅ ይዛ ነበር፤ እጁ የቀዘቀዘው በእሷ እጅ ውስጥ ነው። አንድ ቃል ብትናገር መንገዱ ይመጣል ይላሉ። እውነት ቢሆንስ? ከዚያ የማኅበሩን ሴቶች አየች፤ እልልታቸው አፋቸው ላይ ቀርቷል።

«መንገድ የሚገባው ለሷ ነበር፣ ወንድም ዓለም» አለች። «ለታመመ ሰው ብለው ያልሠሩትን ለዘንግ ብለው ይሠሩታል? ላም አለኝ በሰማይ ነው። እኔ ባፌ ቃል ገብቻለሁ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አልጠይቅም። አይፈታም።»

አቶ ወርቁ ፈገግታውም፣ «እርስዎ»ም አለቀበት። «አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው አገር የምታግጂ? ኮሚቴውን ማንም አልገዘተውም!» አለና ዘንጉን ከማኅደሩ መዘዘ። አወራወሩን የተማረው ሆቴል ግቢ ውስጥ በሁለት ቀን ሥልጠና ነው፤ ያውም ውኃ በሌለበት፣ በሣር ላይ። «አንዴ እጥላለሁ። ሰማይ ይወድቅ እንደሆነ እናያለን።»

«አቶ ወርቁ፣ ተዉ» አለች ሕሊና።

አልሰማትም። ወደ ወንዙ አፍ አመራ። ደሳለች ቀድማው ሄዳ ከዳሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወጣች፤ ጀርባዋን ለውኃው፣ ፊቷን ለእሱ ሰጥታ ሁለት እጇን ዘረጋች። ፈርታለች። ከድንጋዩ ግን አልወረደችም።

«ሂጂ ከዚህ!»

«ኸዚህስ አልሄድም።»

ክሩን በእሷ አናት ላይ አሻግሮ ሊጥል አስቦ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ዘንጉ ወደ ኋላ ፉጨት አሰማ፤ ወደፊት ሲመለስ የጉና ነፋስ ክሩን ወደ ጎን ወሰደው። ዝንቧ ውኃ አልነካችም። መንጠቆዋ የደሳለች የእጅ ጀርባ ላይ ተሰካች።

ደሳለች እጇን አየች፤ አንዲት ቀጭን የደም መስመር ወደ አንጓዋ ወረደች። ከዚያ ክሩን ጨብጣ ወደ ራሷ ሳበችው፤ ዘንጉ ከአቶ ወርቁ እጅ ሊወጣ ጎበጠ።

«ያዝኸኝ» አለችው። «አንቱ» የሚለው ቃል ከአፏ ጠፍቷል። «ጨዋታው ይኸ አይዶለም? ያዝኸኝ። በል ለካኝና ልቀቀኝ!»

አቶ ወርቁ ዘንጉን ይዞ ቆመ፤ ጣለው እንዳይባል፣ ያዘው እንዳይባል። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ሙሉቀን ነው። ሣሩን አቋርጦ ድንጋዩ ላይ ወጣና ከእኅቱ ጎን ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል። ቀጥሎ የማኅበሩ ሴቶች፣ ቀጥሎ «ካልበሉት ለምን ያዙት» ያለው ሽማግሌ፣ ቀጥሎ መረብ ገዝተው የነበሩት ሳይቀሩ ዳሩን ሞሉት። ቄስ ትእዛዝም በመጨረሻ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ።

ሕሊና የደሳለችን እጅ ተቀብላ ክሩን ቆረጠችና መንጠቆዋን በቀስታ አወጣቻት። ለውድድር የምትሠራዋ ዝንብ መንጠቆዋ ጥርስ የለውም፤ ዓሣዋ ስትለቀቅ ሥጋዋን እንዳትቀድ ተብሎ ነው። ቶሎ ወጣች።

«ዓሣዋንም እንዲህ ያማታል?» አለች ደሳለች።

ሕሊና መዋሸት ትችል ነበር። «ሳያማት አይቀርም» አለች፣ ቁስሉን በመሐረቧ እያሠረች። ከዚያ ወደ አቶ ወርቁ ዞረች። «ለትራውት የሚሆን ሐይቅ ምረጪ ነው የተባልኩት፣ መርጫለሁ። ጓሳ ባሕር፣ ከአስተርእዮ በኋላ።»

«የሚወስነው ኮሚቴው ነው።»

«ይወስን። ሌላ ውኃ ግን በእኔ ስም አይመረጥም። በጥምቀትም እዚህ አልመጣም።»

ወደ መኪናቸው ሲወርዱ ደሳለችና አገሬው ሸኟቸው። መኪናው ረግረጉ ውስጥ እንደ ተቀረቀረ ይጠብቃቸዋል። አቶ ወርቁ ማንንም ለመለመን አፉ አልታዘዘለትም፤ ደግነቱ የጉና ሰው ሳይለመን ያግዛል። ሙሉቀንና ጎረቤቶቹ ገመድ አምጥተው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው፣ በትከሻቸው ገፍተው አወጡለት። ሙሉቀን እጁን ሣር ላይ እየጠረገ «መንገድ ያስፈልገናል ስንል ይችን ነው፣ ጌታው» አለው። «ዘንግ ያለውም የሌለውም ይታመማል።» አቶ ወርቁ ራሱን ነቀነቀ፤ ከጠዋት ጀምሮ ክርክር ሳያነሣ የሰማው ቃል ይኸ ብቻ ነው።

ሊገባ ሲል ዘንጉን አየና ቆመ። ክሩ ጫፉ ባዶ ነው። ዞር ሲል ዝንቧን በደሳለች ጋቢ ላይ፣ ደረቷ አጠገብ ተሰክታ አያት።

«ዝንቧ ... ከውጭ አገር የመጣች ናት» አለ።

ደሳለች በታሠረው እጇ ጋቢዋን አስተካከለች። ንዴቷ በርዶ «አንቱ» ተመልሶላታል።

«አትጠፋም» አለችው። «ባስተርእዮ ማግስት ይምጡና ይውሰዷት።»