ሦስት ሚሊ ሜትር

“ቁጭ በል እስቲ፤ ወንበሩ እሾህ አለው?” አለችው አክስቱ።

ልጁ ተቀመጠ፤ ወዲያው ተነሣ። አባቱ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለለቅሶ ለመጡት ሻይ ያቀርባል፣ ያስተካከለውን ወንበር መልሶ ያዛውራል። በመሃል እጁ ሳያስበው እየሄደ አንገቱን ይዳብሳል።

አክስቱ ለጎረቤቲቱ ስታንሾካሹክ ሰማት። ሐኪሞቹ ልብ ነው ይበሉ እንጂ ወንድሟን የጨረሰው ያ የአንገቱ ነገር ነው፤ ሲቆርጡት ምን እንዳገኙበት ማን ያውቃል?

ልጁ ያውቃል።

ከሦስት ዓመት በፊት ልብስ ሰፊው አባቱ እንቅርት አብጦበት የታይሮይድ ዕጢው ግማሽ በቀዶ ጥገና ወጣለት። በሳምንቱ ውጤቱን የተቀበለው ልጁ ነበር። በወጣው ሥጋ ውስጥ ማንም ያልጠረጠራት፣ ሦስት ሚሊ ሜትር የምታህል ካንሰር ተገኝታለች። ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳችው፤ ከነዙሪያዋ ስለወጣች ሌላ ቀዶ ጥገና አያስፈልግም፣ በየዓመቱ በአልትራሳውንድ ማየት ይበቃል። ለአባቱ ልትነግረው ስትል፣ እኔ እነግረዋለሁ ብሎ ወረቀቱን ኪሱ ከተተ።

አልነገረውም። ቃሉ ከአፉ አልወጣ አለው። በየዓመቱ ጠባሳውን ይዩልህ እያለ ይወስደዋል፤ አባቱም ስፌታቸው ከእኔ ይሻላል፣ ምኑ ይታያል እያለ ይከተለዋል።

ቢነግረውና አባቱ ሁሉም ይውጣልኝ ብሎ ቢሆንስ? ዛሬ ይኖር ይሆን?

በልብስ ስፌት ሱቁ ሃያ ዓመት ልብስ የተኮሱት የአባቱ ባልደረባ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ልጁ አጠገባቸው ተቀመጠና የደበቀውን ሁሉ ነገራቸው።

“ያውቅ ነበር እኮ” አሉት።

“ማን?”

“አባትህ ነዋ። በመጀመሪያው ዓመት፣ አንተ ወረፋ ስትይዝ ሐኪሟን ጠየቃት።”

አባቱ ሱቅ ተመልሶ የስፌት ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሦስት ሚሊ ሜትር ላይ በእስክሪብቶ እንዳሰመረ ነገሩት። ይቺ ናት እንግዲህ ልጄን ያከሳችው ብሎ ሳቀ። ሐኪሟ ቀሪውን ዕጢ ማውጣት ትፈልጋለህ ወይ ብትለው፣ ከጠርዙ አርቃችሁ ከቆረጣችሁ ደኅናውን ጨርቅ ለምን አስቀድዳለሁ አላት። ከሁለት ወር በፊትም አንገቱ ታይቶ ንጹሕ ነበር። የልቡ ሕመምማ የቆየ ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ሦስቴ ያርፍ አልነበር?

“ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አልነገረኝም?”

ሽማግሌው ጫማቸውን አዩ። “እስክትነግረው እየጠበቀ። ዘንድሮስ ይነግረኛል እያለ ነበር የሚሄደው።”

ከኮታቸው ኪስ ያንኑ ሜትር ተጠቅልሎ አውጥተው ሰጡት። ልጁ ጫፉ ላይ የደበዘዘችውን መስመር አገኛት። የአውራ ጣቱ ጥፍር ሙሉ በሙሉ ሸፈናት።

አክስቱ ከውስጥ ጠራችው። አልተነሣም። ሜትሩን አባቱ እንደሚያደርገው አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጁ ያዘ።